በብረቱ ያሳበብኩት

አርባ ምንጭ ውስጥ የወገብ ቀዶ ጥገና ከተነሳ የእኔም ስም አብሮ ይነሳል። ሲቀላም ሴቻም ያሉ ሰዎች «እሱን አላያችሁትም? ብረት አስገብተውበት ምን አድርገው እንደለቀቁት!» እያሉ ምሳሌ ያደርጉኛል። ከራሳቸው ያመጡት አይደለም፤ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ቡና በተፈላበት፣ ለቅሶ በተቀመጥንበት፣ ኩልፎ ድልድይ አካባቢ ከሹፌር ጓደኞቼ ጋር በቆምንበት ሁሉ ለዓመታት አንድ ታሪክ ሳወራ ኖሬአለሁ። ታሪኩ ውሸት የለበትም፤ ግን ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ፣ «በአደባባይ የበደልከውን በአደባባይ ተናገር» አሉኝ። የጋሞ አባቶችም ከጥንት የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ ጎሜ (ነውር) ያለበት ሰው ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ካልተናገረ አይነጻም። ስለዚህ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ያንን የለመዳችሁትን ግማሽ ልድገመው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከላንቴ፣ ከጫኖ፣ ከሸሌ ጥሬ ሙዝ ከነቅጠሉ ጭኜ አዲስ አበባ አትክልት ተራ አራግፍ ነበር። ወገቤ ታመመ። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ሁለት የጀርባ አጥንት አንጓዎች በብሎንና በዘንግ ታሰሩ። ጥቂት ዓመታት ደህና ሆኜ ቆየሁና ሕመሙ ብሶበት ተመለሰ። ዛሬ የጭነት መኪና መሪ መያዝ አልችልም። እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እልና «ሐኪሞቹ ጨረሱኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰሚው ከንፈሩን ይመጥጣል። ያ ከንፈር መምጠጥ ለወገቤ ምንም ባይፈይድለትም ለልቤ ጥሞት ነበር።

አሁን ወደ ዘለልኩት ልመለስ።

የመጀመሪያው፣ ቀዶ ጥገናው ሠርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ ይወርድ ስለነበር ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶኝ፣ ከሶዶ በኋላ ያለውን መንገድ ረዳቴ ነበር የሚነዳልኝ። ሐኪሙ ራጁንና ኤም አር አዩን እያሳየ፣ አንዱ አንጓ ከታችኛው ላይ ወደፊት ተንሸራትቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ እንደጨፈለቀው አስረዳኝ። ከሰመመን ስነቃ ቁስሉ ያመኝ ነበር፤ የእግሬ እሳት ግን ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ እጄን ይዛ «እግርህስ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «ጨረሱኝ» ከሚለው ታሪክ ጋር አይሄድማ!

ሁለተኛው፣ ሐኪሙን ዋሽቼዋለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላጨስም ዶክተር» አልኩት። ሸሚዜ ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ግን አምኖኝ ማስረዳቱን ቀጠለ። «ይህ የማስገባልህ ብረት ካሳፎርማ ነው በለው፤ አርማታው የራስህ አጥንት ነው። ብረቱ የሚይዝህ አርማታው እስኪደርቅ ነው። አጥንቱ ከያዘ ብረቱ ሥራውን ጨርሷል፤ ካልያዘ ግን የትኛውም ብረት ዕድሜ ልክ ሰው ተሸክሞ አይኖርም፤ ወይ ይሰበራል ወይ ብሎኑ ይላላል» አለኝ። አጥንቱ እስኪይዝ ከስድስት ወር እስከ ዓመት እንደሚፈጅ፣ ሲጋራ ወደ አዲሱ አጥንት የሚሄደውን ደም እያሳነሰ መግጠሙን እንደሚያሰናክለው ጨምሮ ነገረኝ። ከሆስፒታሉ በወጣሁ በሳምንቱ ጓሮ ተደብቄ አጨስኩ። ልጆቼ እንዳያዩኝ የተደበቅኩትን ያህል ከገዛ አጥንቴ መደበቅ የምችል መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው፣ የተባልኩትን አላደረግኩም። ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ወገቤን አጥፌ እንዳልጎነበስ፣ በየተወሰነ ጊዜው እየመጣሁ ራጅ እንድነሳ ተነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የመኪናው ዕዳ አላለቀም፤ ሙዝ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ጊዜው ሳይደርስ መሪ ያዝኩ። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ አስገብቼ ስኮርታ ጎማውን ራሴ አወረድኩ። ጫኝና አውራጅ ሲጠፋም ሸክሙ ውስጥ ገባሁ። የሰፈራችን አንድ አባት አርፈው የዕድር ሰው ቃሬዛውን ሲያነሳ፣ ቆሜ ማየቱ አሳፈረኝና ትከሻዬን ሰጠሁ። ማንም አላስገደደኝም። «ወገቡን ታሟል» ከምባል ወገቤ ቢቆረጥ መረጥኩ። ወደ ሐኪሙስ? ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ የማልጠፋ ሰው፣ ሙዜን ካራገፍኩበት ብዙም የማይርቀውን ሆስፒታል ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ደጁን አልረገጥኩም። ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል እያልኩ።

ሕመሙ የተመለሰው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ በተቀመጥኩ ቁጥር፣ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ያንን ሁሉ መናዘዝ ስለነበር ወደ ፋርማሲ ዞርኩ። ዳይክሎፌናክ ተወጋሁ፤ ሲያቅተው ዴክሳ ተጨመረበት፤ ለሌሊቱ ትራማዶል ያዝኩ። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ መርፌ የሚወጋኝንና ያለ ማዘዣ ክኒን የሚሰጠኝን ሰው በየከተማው አውቅ ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩና በጊዜው ሲሰጡ ይጠቅማሉ። እንደኔ ለወራት ሲወስዷቸው ግን ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ዴክሳ አጥንትን ያሳሳል፤ ትራማዶል ሱስ ያስይዛል። ልጠብቀው የሚገባኝን አጥንት በገዛ ገንዘቤ ሳሳሳው ኖርኩ። አንድ ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ራሴን ሳትኩና ሆስፒታል ገባሁ። ጨጓራዬ እየደማ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን ራሱን በሽታ አደረግኩት።

ጨጓራዬ ሲያገግም ወገቤን እንደገና አዲስ አበባ ታየሁ፤ ሌላ ሐኪም ነው፣ ወጣት። ሲቲ ስካኑን እያሳየኝ ሁለት ነገር ነገረኝ። ከታች ያሉት ብሎኖች ላልተዋል፤ ዙሪያቸውን ጥቁር ቀለበት ይታያል፤ አጥንቱ አልያዘም። ከታሰረው በላይ ያለው አንጓ ደግሞ ዲስኩ አልቆ የነርቩ መተላለፊያ ጠቧል። «ሲጋራ ታጨስ ነበር?» አለኝ። በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «ሁሉም በአንተ ጥፋት የመጣ አይደለም» አለኝ። በዚያች ቃል ላይ መንጠልጠል ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሒሳቡ በሐቅ ይሠራ።

ሁለት አንጓ ሲታሰር በመካከላቸው የነበረው እንቅስቃሴ ይቆማል፤ ሥራውም ወደ ጎረቤት አንጓ ይዞራል። ስለዚህ ሐኪሙም ታማሚውም ሳያጠፉ ከጊዜ በኋላ ጎረቤቱ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የታችኛው ወገባቸው የታሰረላቸውን 215 ሰዎች ተከታትሎ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ከ100ው 36 ያህሉ በዚሁ ምክንያት ሌላ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገምቷል። የላይኛው አንጓዬ ጉዳት በከፊል ከዚህ ወገን ነው፤ በከፊል ደግሞ ዕድሜና የመኪና ወንበር ያመጣው ነው። የላሉት ብሎኖች ግን በአብዛኛው የእኔ ሲጋራ፣ የእኔ ስኮርታ፣ የእኔ ዴክሳ ናቸው። ቀጠሮዬን ጠብቄ ቢሆን አጥንቱ አለመያዙ ብሎኑ ሳይላላ ይታወቅ ነበር። ሐኪሙ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ የጎደለው የእኔ ድርሻ ነው።

እስከዚህ ያለው በራሴ ገላ ላይ የሠራሁት ነው። እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለንስሐ አባቴ የነገርኩት ይበቃኝ ነበር።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከጨንቻ ወርዶ ሲቀላ የተከራየ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ በሸክም የታወቀ ጎበዝ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት አንድ ምሽት ሰው ደግፎት ቤቴ መጣ። ወገቡ ከታመመ ቆይቷል፤ የዚያን ቀን ግን ሸክም ሲያነሳ የሆነ ነገር «ቋ» አለበት። «ጋሼ፣ ሁለቱም እግሬ ከብዶኛል። መቀመጫዬና ጭኔ መሐል ደንዝዞ አይሰማኝም። ሽንቴም ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አለኝ። ሆስፒታል ልሂድ ወይ?» አለኝ። የጠየቀኝ በወገብ ነገር ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ምን እንዳልኩት ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሆስፒታል ከሄድክ ቢላ ነው። ቢላ ከነካህ እንደኔ መሆንህ ነው። ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ፤ እሱ ያሽህ፣ ተኛ።»

ሄደ፤ ታሸ፤ ተኛ። ቀናት ካለፉ በኋላ ሆዱ በሽንት ተወጥሮ በቃሬዛ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። የፈነዳው ዲስክ ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚሄዱትን ነርቮች በሙሉ አንድ ላይ ጨፍልቋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ነርቩ የተፈታለት የተሻለ የማገገም ዕድል እንዳለው ሐኪሞች ያውቃሉ። አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ በአየር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ወገኖቹም በሬ ሸጠው ያሳፍሩት ነበር። እኔ በአንድ ምሽት ቃል ያንን ጊዜ በላሁበት። ቀዶ ጥገናው እግሩን በከፊል መለሰለት፤ በክራንች ይሄዳል። ፊኛው ግን አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬ ሽንቱን በቱቦ ነው የሚያወጣው። አላገባም።

«አላወቅኩም ነበር» ብል ታምኑኝ ይሆናል። ግን አውቅ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከሆስፒታል ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ፣ ሽንት ከከለከለህ፣ መቀመጫህ ከደነዘዘ ወይም እግርህ ከሰነፈ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ና የሚል ተጽፎበታል። ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ያን ምሽት ትዝ አላለኝም ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው፤ ብልጭ ብሎብኝ ገፋሁት። ለምን? ልጁ ሄዶ ቢድን የእኔ ታሪክ ምን ይሆናል? «ጨረሱኝ» ያልኩት ሁሉ ባዶ ሊቀር ነው። የእኔ ዓይነት ብረት ገብቶለት ሸክሙን የሚሸከም ጎረምሳ ሲቀላ ላይ ቢታይ፣ ሰው «አንተስ ምን ሆነህ ነው?» ሊለኝ ነው። የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ስለ ሞኝነት ነው፤ የእኔ ግን ሞኝነት አልነበረም፤ የሰውም ድስት ቢያርር የራሴ አይታይብኝም የሚል ክፋት ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ስንቱን ሰው እንዳስቀረሁ ማሰብ ጀመርኩ። ቡና ላይ ከሰሙኝ እናቶች መካከል ጀርባው የጎበጠ ልጅ ያላት አልነበረችም? አንጓ የማሰር ቀዶ ጥገና ራሱ የተጀመረው ለእንዲህ ያሉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ሂብስና ኦልቢ የተባሉ ሐኪሞች በሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ጀርባቸው የጎበጠ ሰዎችን አንጓ በአጥንት ማጣበቅ ጀመሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በእማሆይ ትሬዛ የበጎ አድራጎት ቤት ሲያክም የኖረው አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀርባቸው ክፉኛ የጎበጠ ኢትዮጵያውያንን ጋና፣ አክራ ወደሚገኘው የዶክተር ቦአቺ አጄ ቡድን እየላከ ብዙዎች ቀና ብለው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ሰዎች ጋር ሆኖ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰው እንዲህ ለፍቶ የከፈተውን በር እኔ በወሬ ስዘጋ ኖርኩ። የሕመሜን ያህል ጮኼ ነበር፤ የዳንኩትን ያህል ግን ተንፍሼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ይዤ ልጁ ቤት ሄድኩ። ተንበርክኬ ልለምን ወገቤ አልታዘዘኝም፤ ቆሜ ተናገርኩ። ወረቀቱንም አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ እርስዎን ያመንኩት ቆስለው ስላየሁዎት ነው። የቆሰለ ሰው አይዋሽም ብዬ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ አስታረቁን፤ እጄን ጨበጠ። እናቱ ግን አልጨበጡኝም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም፤ አልፈርድባቸውም። መኪናውን ከሸጥኩበት ገንዘብ ለአንዲት ሱቅ መክፈቻ የሚሆን ሰጠሁት። ካሳ አልለውም፤ ለፊኛ ካሳ የለውም።

እኔስ እንዴት ነኝ? ሲጋራ ትቻለሁ፤ ትራማዶሉን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ አቋርጫለሁ። ወጣቱ ሐኪም ብሎኑን ቀይሮ እንደገና የማሰርን ነገር አንስቶልኛል። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው እንደሚከብድ፣ ጠባሳው ነርቭ እንደሚይዝ፣ ሲጋራ ከተውኩ በኋላ ግን የተሻለ ዕድል እንዳለኝ ሳይደብቅ ነግሮኛል። እስከዚያው የሆድና የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ እሠራለሁ፤ ጠዋት በኩልፎ ዳር እራመዳለሁ። ቀሪው ልምምድ ነው። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ ስለማልችል ቡና ቆሜ እጠጣለሁ። ቁጢጥ የሚያሰኝ ሽንት ቤት ስለማልችል መቀመጫ አሠርቻለሁ። ዐቢይ ጾም ላይ ሰው ሲሰግድ እኔ መቋሚያ ተደግፌ አንገቴን እደፋለሁ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስወጣ ከሹፌሩ ጎን ሳይሆን ከኋላ ተቀምጬ፣ ቀስ እንዲል ለምኜ ነው። ቀብር ላይ ቃሬዛው ሲነሳ ገለል እላለሁ፤ አሁን የሚያሳፍረኝ ይህ አይደለም።

ቀዶ ጥገና ሁሉ ይሳካል አልልም፤ አይሳካም። አለአግባብ የሚደረግም አለ፤ ሳይጠይቁ እሺ አትበሉ። ለምን እንዳስፈለገ፣ ባይደረግ ምን እንደሚሆን፣ ከዓመታት በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እሱም ሲጠይቃችሁ ሲጋራውን፣ መጠጡን፣ የምትሸከሙትን ሳትደብቁ ንገሩት። ደህና ሆናችሁም ቢሆን በቀጠሯችሁ ቀን ሂዱ። ከዳናችሁ መዳናችሁን አውሩ፤ ካልዳናችሁ ሙሉውን አውሩ። ምክር የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቁስላችሁ እንዲመልስለት አትፍቀዱ።

ወገቡን የታመመ ሰው መቀመጫው ከደነዘዘ፣ ሽንቱ እምቢ ካለው ወይም እግሩ ድንገት ከሰነፈ ወጌሻ አትጥሩ፤ እኔን የመሰለ ሰውም አትጠይቁ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።